በመምህርቷ ቤት የማይጨምቀው ማሽን

አክስቴ የልብስ ማጠቢያና ማድረቂያ ማሽኖችን ትጠግናለች። እኔ ትምህርቴን እስክጨርስ ድረስ የቤቷን የኋለኛ ክፍል ለቅቃልኝ እኖራለሁ፤ የፊተኛው ክፍል ግን የማሽኖች ነው። ጀርባቸው ተከፍቶ፣ ሽቦአቸው ተንጠልጥሎ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው እንደተቀጡ ተማሪዎች ተደርድረው ይቆማሉ። ወለሉ ከጠዋት እስከ ማታ እርጥብ ነው። እኔ መጽሐፍ ይዤ ሳልፍ ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ በጣቶቼ ጫፍ እራመዳለሁ፤ እርሷ ግን በነጠላ ጫማ ውሃውን እየረገጠች በመካከላቸው ስትመላለስ አንድም ቀን አድጧት አያውቅም።

የሰፈሩ ሰው «ወይዘሮ ካቻቢቴ» ይላታል። አናጢ እርሳሱን ከጆሮው ላይ እንደሚሰካ፣ እርሷም ካቻቢቴዋን ከጠቀለለችው ፀጉሯ ውስጥ ትሰካዋለችና ነው። አንዳንድ ጊዜ ረስታው እንደተሰካ ትተኛለች፤ ባሏም «ከብረት ጋር ነው የተጋባሁት» እያለ ያማርራል።

ሙያውን ትምህርት ቤት ገብታ አልተማረችውም። በወጣትነቷ በአንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አንሶላ ትተኩስ ነበር። አንድ ቀን ትልቁ ማሽን ቆመ። ጠጋኙ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደሚመጣ ተነገራቸውና ሴቶቹ አንሶላውን በእጅ ማጠብ ጀመሩ። በአራተኛው ቀን የአክስቴ መዳፍ ተላጠ። በምሳ ሰዓት ከወጥ ቤት የገበታ ቢላዋ ተውሳ የማሽኑን ጀርባ ፈታችው። የልብሱን ከበሮ የሚያዞረው ቺንጋ ከመዘውሩ ላይ ወልቆ ወድቋል፤ ሌላ ምንም የለም። መልሳ አጠለቀችው። አለቃዋ መጀመሪያ ተቆጣት፤ ከዚያም የተበላሸ ነገር ባየ ቁጥር ይጠራት ጀመር። «ማሽን እንደ ሰው አያኮርፍም» ትለኛለች ስለዚያ ዘመን ስታወራ። «የሆነውን ነው የሚያሳይሽ። እኛ ነን ሳናይ የምንፈርድ።»

ሁለት ሥርዓቶች ነበሯት። የመጀመሪያው፣ ማንኛውንም ማሽን የምትሞክረው ባዶውን ነው። ልብስ ድምፅ ያፍናል፤ የሚንቋቋው ኩሽኔታ፣ የላላው ሞላ፣ የሚንሸራተተው ቺንጋ ሁሉ ከልብስ ሥር ተደብቆ ያልፋል ብላ ታምናለች። ደንበኞች የራሳቸውን ልብስ አምጥተው «በዚህ ሞክሪው» ሲሏት እጇን ታወዛውዛለች፤ «ባዶ ከበሮ አይዋሽም።» ሁለተኛው፣ ሥራዋን ስትጨርስ በትንሽ ወረቀት ላይ ያየችውን በሁለትና በሦስት መስመር ጽፋ፣ ፈርማ ለባለቤቱ ትሰጣለች። ያላየችውን አትጽፍም፤ የጻፈችውን አትሰርዝም። በዚህ የተነሣ የእርሷ ወረቀት በሰፈሩ ውስጥ እንደ ሐኪም ማስረጃ ይታመናል። ልነግራችሁ የተነሣሁትም ያ ወረቀት አንዲትን ሴት ከቤቷ ሊያስወጣት ስለደረሰበት ሳምንት ነው። እኔ በሴትየዋ ቤት አልነበርኩም፤ ከአክስቴና ከሴትየዋ ከራሳቸው እየጠየቅሁ ያገናኘሁት ነው።

ሴትየዋ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህርት ናቸው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ በአንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። አክስቴን የጠሯት በስልክ ነበር።

«ማሽኔ አይጨምቅም» አሏት። «አንዳንዴ።»

አክስቴ «አንዳንዴ» የምትባለዋን ቃል አትወድም። የሞተ ማሽን ይሻላታል። ሄደችና መታጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ጎን ለጎን የቆሙትን ማጠቢያና ማድረቂያ አየቻቸው፤ ሁለቱም ብዙ ያላረጁ፣ በንጽሕና የተያዙ ነበሩ።

«መቼ መቼ ነው የማይጨምቀው እማማ?»

«ደስ ባላለው ጊዜ።»

«ደስ ባለው ጊዜ የሚሠራ ማሽን የለም።»

«እኔም ተማሪዎቼን ምክንያት የሌለው ውጤት የለም ስል ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት» አሉ መምህርቷ። «ይኸው ውጤቱ በእጄ ነው፤ ምክንያቱ ጠፍቶኝ አንቺን ጠራሁ። ማድረቂያውም እንደዚሁ ነው። አንዳንዴ ሦስት ሰዓት ዞሮ ልብሱ እንደረጠበ ይወጣል።»

አክስቴ ማጠቢያውን ባዶውን አስነሣችው። ሞላ፣ አጠበ፣ ደፋ፣ ጨመቀ። ከላዩ ያስቀመጠችው የውሃ ብርጭቆ እንኳን አልፈሰሰም። ማድረቂያውም ደንበኛ ሙቀት ይሰጣል። «ማሽኑ ጤነኛ ነው» ብላ ጻፈችና ሄደች።

በዐሥረኛው ቀን እንደገና ተጠራች። በዚህ ጊዜ የመምህርቷ ልጅ በቤቱ ነበር። ሰው አክባሪ፣ የተጨነቀ ፊት ያለው፣ እናቱ ወደ ወንበር በተጠጉ ቁጥር ክንዳቸውን ለመያዝ የሚነሣ ጎልማሳ ነው።

«እማዬ፣ ምናልባት ቁልፉን ሳትጫኚው ረስተሽ ይሆናል» አለ ለስለስ ብሎ።

«ቁልፉን ካልተጫንኩት ማን አጠበው? ውሃውንስ ማን ደፋው? አንተ ልጅ፣ ማረጋገጫህ ቀዳዳ አለው።»

«እኔ ቅዳሜ ዕለት ልብስሽን ከትቼ ሞከርኩት፤ ጨመቀ አይደል?»

«ጨመቀ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ፣ ማክሰኞ አልጨመቀም።»

አክስቴ በመካከላቸው ምንጣፍ አንጥፋ ተንበረከከች። የውሃ መድፊያውን ፓምፕ አወጣች፤ ንጹሕ ነው። ቱቦውን ነፋችበት፤ አልተዘጋም። የሞተሩን ካርቦን፣ ቺንጋውን፣ ከበሮውን የሚያንጠለጥሉትን ሞላዎች አንድ በአንድ አየች። በቴስተር ለካች። ገጥማ ባዶውን ስታስነሣው እንደ አውሮፕላን እያፏጨ ጨመቀ። ሁለት ሰዓት ከፈጀ ሥራ በኋላ ከዚህ ቀደም ጽፋው የማታውቀውን ነገር ጻፈች፤ «ብልሽት አልተገኘም።»

ልጁ ወረቀቱን አነበበና በጥንቃቄ አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ደረጃው ላይ እስኪደርሱ ጠብቆም በዝቅተኛ ድምፅ ነገራት።

«እትዬ፣ እግዜር ይስጥልን። ባለፈው ወር ድስት ምድጃ ላይ ረስታ አሳረረች። ቁልፏንም ሁለት ጊዜ ጥላለች። ከእኛ ጋር እንድትኖር ክፍል አዘጋጅተን ስንለምናት እሺ አላለችም። የሌለ ብልሽት እያየች እንደሆነ ግን ይህ ወረቀት ይመሰክርልኛል። እሁድ እወስዳታለሁ።»

አክስቴ ምን እንደመለሰችለት አታስታውስም። የመሣሪያ ሣጥኗን ያነሣች መስሏት ባዶ እጇን ወርዳ ኖሮ፣ ልትወስደው ስትመለስ መምህርቷን በራቸው ላይ ቆመው አገኘቻቸው። ሰምተዋል።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አሉ መምህርቷ። «እርሱ ሞኝ አይደለም፤ ይወደኛል። ወረቀቱን ግን ከእንግዲህ አይለቅም። አየሽ ልጄ፣ አርጅተሻል ብሎ ቢወስደኝ እሺ እል ነበር፤ እርጅናዬን አልክድም። ያየሁትን አላየሽም ተብዬ ስወጣ ግን፣ እዚያ ከገባሁ በኋላ የምናገረውን ማን ያምነኛል? ዝናብ ጣለ ብል በመስኮት ያረጋግጣሉ።»

ያን ቀን እራት ላይ አክስቴ ጉርሻዋን ይዛ ፈዝዛ ቀረች። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ዝምታ የማይወድ፣ ሲጠግብ ደግሞ ይበልጥ የሚያወራ ሰው።

«ምነው፣ ከማሽን ጋር ተጣላሽ?»

«ሁለት ጊዜ ፈተሽኩት። እንደ ሙሽራ የሚሽከረከር ማሽን ነው። ሴትየዋ ደግሞ አይዋሹም።»

«በምን ሞከርሽው?»

«በምን እሞክረዋለሁ፣ ባዶውን ነዋ።»

አጎቴ ሳቀ። «ባዶውንማ ሁሉም ጎበዝ ነው! የእኔ አውቶቡስ ጠዋት ከጋራዥ ስትወጣ ብታያት ትበራለች። ስልሳ ሰው ጭና ዳገቱ ሥር ስትደርስ ነው ሳንባዋ የሚታወቀው። መካኒኩ ጋራዥ ውስጥ አስነሥቶ ‹ምንም የላትም› ሲለኝ፣ ና ተሳፈርና ንገረኝ እለዋለሁ።»

እኔ ይህን ሰምቼ ጥሩ ምሳሌ ነው ብዬ በልቤ እያደነቅሁ ተቀምጬ ነበር። አክስቴ ግን ጉርሻዋን ወደ ሳህኗ መልሳ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ» አለች ከእጆቿ ሥር። አጎቴ ደነገጠ። «ኧረ እኔ ስለ አውቶቡስ ነው ያወራሁት!»

በማግስቱ፣ ዐርብ፣ ማንም ሳይጠራት ሄደች። «ዛሬ ልብስ ከተን ነው የምንሞክረው» አለቻቸው። መምህርቷ የሳምንቱን ልብስ ከቅርጫቱ አወጡ፤ ሸሚዝ፣ ቀሚስ፣ የወጥ ቤት ፎጣ፣ ሹራብ። ማሽኑ አጠበ፤ ያለ አንዳች ችግር ጨመቀ። መምህርቷ ዐይናቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። አክስቴም አፈረች። በእጇ የምትሠራው እንዳታጣ ብቻ የማድረቂያውን የብናኝ ማጣሪያ ሳበችው።

ማድረቂያ ማሽን ከልብስ ላይ የሚረግፈውን ብናኝ በወንፊት ይይዛል። መጠረግ ያለበት በየጊዜው ነው፤ መምህርቷ ግን ቀጭኗን መያዣ በጣታቸው መሳብ ስለሚያቅታቸው ሳይነኩት ወራት አልፈዋል። ከወንፊቱ ላይ የወጣው እንደ ስስ ብርድ ልብስ የተያያዘ ነበር። አክስቴ ልትጥለው ስትል ጠርዙን አየችው። እንደ መጽሐፍ ገጾች ተደራርቧል፤ አንድ ግራጫ፣ ከዚያ ሁለት ነጭ፣ ግራጫ፣ ሦስት ነጭ፣ ግራጫ፣ እንደገና ነጭ። ወደ መብራቱ ያዘችው።

«እማማ፣ ይህን ያዩታል?»

«ቆሻሻ ነው፤ ጣይው።»

«የቤትዎ ማስታወሻ ነው። ይህ ግራጫው እንደ ዛሬው ያለ ልብስ ነው፤ ቀለሙ ሲደባለቅ እንዲህ ይሆናል። ነጩ ግን አንድ ዓይነት ጥጥ ብቻ ነው፣ ወፍራም። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻውን ይደርቃል። ብቻውን ከደረቀም ብቻውን ነው የታጠበው።»

መምህርቷ መነጽራቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ። «ልጄ የነገረሽ ነገር አለ?»

«ማንም አልነገረኝም። ያምጡልኝና ልሞክረው። ምን እንደሆነ አልጠይቅዎትም።»

መምህርቷ ገብተው ብዙ ቆዩ። ከመኝታ ክፍላቸው ሲመለሱ በትራስ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። የፍራሽ መሸፈኛ ነበር፤ ውስጡ የተደረተ፣ ውሃ የሚመጥ፣ ወፍራም።

«አንዳንድ ሌሊት መጸዳጃ ቤት አልደርስም» አሉ ቆመው። «ከስድስት ወር ወዲህ ነው። ከሌላው ልብስ ጋር መቀላቀል ጠላሁ። እርሱ ቢያውቅ ደግሞ ያኔውኑ ነበር የሚወስደኝ።»

ይህን እዚህ ማስፈር አስጨንቆኝ ነበር። መምህርቷን ስጠይቃቸው ግን «ጻፊው» አሉኝ፤ «ስንቱ ሰው በሩን ዘግቶ ሲያጥብ ይኖራል።»

አክስቴ መሸፈኛውን ተቀብላ ከበሮው ውስጥ ከተተችውና ሁለቱም ማሽኑ ፊት ወንበር ስበው ተቀመጡ። ማጠቡን በሰላም አጠበ። ሊጨምቅ ሲነሣ መሸፈኛው ውሃ ጠጥቶ በአንድ ወገን ተቋጥሯል። ከበሮው ዱብ፣ ዱብ እያለ ዞረና ቆመ። ወደ ግራ አገላበጠው፤ ቆመ። ወደ ቀኝ አገላበጠው፤ ቆመ። ጆንያ በአንድ ትከሻው የተሸከመ ሰው ሸክሙን ለማስተካከል እንደሚውተረተር ሩብ ሰዓት ያህል ታገለ። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ፣ ሥራውን እንደጨረሰ ሁሉ የበሩን መቆለፊያ ለቀቀ። መሸፈኛው ውሃው ጠብ ጠብ ይላል።

«አልጨመቀም!» አክስቴ ከወንበሯ ዘለለች። «እማማ፣ አልጨመቀም! እሰይ!»

«ማሽን እምቢ ስላላት እልል የምትል ጠጋኝ ሳይ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው» አሉ መምህርቷ።

አክስቴ አስረዳቻቸው። ከባድ ነገር ብቻውን ሲሆን ከበሮው ሚዛኑን ያጣል፤ በሙሉ ፍጥነት ቢያዞረው ማሽኑ ራሱን ይሰብራል፤ ያን ስለሚለካ ይተወዋል። ስላልተጨመቀም ማድረቂያው ሦስት ሰዓት ይለፋል። ሁለት ትልልቅ ፎጣዎች አመጣችና ከመሸፈኛው በተቃራኒ ወገን አብራ ከተተቻቸው። ማሽኑ አንድ ጊዜ ተንገዳገደ፣ ራሱን አስተካከለ፣ እያፏጨ ጨመቀ።

«እንግዲያው ብልሽቱ የማሽኑ ካልሆነ የእኔ ነው» አሉ መምህርቷ።

«የእኔ ነው እንጂ። ሰው የሚያጥበውን ትቼ የማያጥበውን ስሞክር ኖርኩ። ባዶ ከበሮ ማን ያጥባል?» አክስቴ ጥቂት አመነታችና ጨመረች። «ስለዚያኛው ነገር ግን ሐኪም ያማክሩ። የማሽን ጎማ ሲላላ እኔ እቀይራለሁ፤ የሰውም ቢሆን መላ አያጣም ሲሉ እሰማለሁ።»

መምህርቷ ቀና ብለው አዩዋት። «ጎማሽ ላልቷል እያልሽኝ ነው?»

«ኧረ እኔ አልወጣኝም!»

«ብለሻል! አፍ አውጥተሽ ብለሻል!» ከዚያ በኋላ ሳቁ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ዐይናቸውን እስኪጠርጉ ድረስ ሳቁ። አክስቴም ወለሉ ላይ ተቀምጣ አብራ ሳቀች።

ወረቀቱን መጻፍ ግን ይቀራት ነበር። ውሸት አትጽፍም፤ የሰው ገመናም መጻፍ አልፈለገችም። በጉልበቷ ላይ አስደግፋ ብዙ አሰበችና እንዲህ ብላ ጻፈች፤ «ወፍራም ነገር ብቻውን ሲታጠብ ከበሮው ሚዛን ስለሚያጣ ማሽኑ አይጨምቅም። የማሽኑ ባለቤት ያዩትና የተናገሩት ሁሉ ትክክል ነው። ከዚህ በፊት የሰጠኋቸው ሁለት ወረቀቶች ስሕተት ናቸው፤ ስሕተቱም የእኔ ነው።» የጻፈችውን ስትሽር ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። መምህርቷ አንብበው፣ የልጆች ደብተር እንደሚያርሙ ሁሉ ከግርጌው በእርሳስ የትክክል ምልክት አደረጉበት።

እሁድ ጠዋት ልጁ መጣ። የታጠፉ ካርቶኖች በብብቱ፣ የማሸጊያ ፕላስተር በእጁ ይዟል። አክስቴ ስሕተቷን በአፏም ልትነግረው ስለፈለገች ቀድማ ደርሳ ነበር። ወረቀቱን ሰጠችው። ቆሞ አነበበው፤ ካርቶኖቹን ግድግዳ አስደግፎ እንደገና አነበበው።

«ወፍራም ነገር ሲባል ምን ዓይነት ነው?»

«ምንጣፍ ሊሆን ይችላል፤ ብርድ ልብስ ሊሆን ይችላል» አለች አክስቴ። «የሰው እጥበት አልቆጥርም።»

«የፍራሼ መሸፈኛ ነው» አሉ መምህርቷ ከወንበራቸው። አክስቴ ዞር ብላ አየቻቸው፤ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። «ሌሊት የማልደርስበት ጊዜ አለ። ማክሰኞ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ አለኝ፤ ራሴ ደውዬ ነው የያዝኩት። ብታደርሰኝ ደስ ይለኛል፤ ባይመችህም አውቶቡሱን አውቀዋለሁ።»

ልጁ ወደ እናቱ ዞረ። «ለምን አልነገርሽኝም እማዬ?»

«ካርቶን ይዘህ እንዳትመጣ።»

አንገቱን ደፋ። ሲያቀና ፊቱ ላይ ሳቅም ሐፍረትም ነበር። «ድስቱስ?»

«ድስቱን አሳርሬዋለሁ። አልካድኩም። አንተ ስታገባ ስንት ድስት ነው ያሳረርከው?»

«ሦስት» አለ ልጁ።

«አራት» አሉ መምህርቷ።

«ክፍሉን እኮ ቀለም አስቀባነው፤ ባለቤቴ መጋረጃ ሰፍታለታለች።»

«ሐሙስ ሐሙስ እመጣለሁ። በመጋረጃው ሥር ተቀምጬ የልጅህን የሒሳብ ደብተር አያለሁ፤ ማካፈል ላይ ደካማ ናት። ከዚያ ወደ ቤቴ ትመልሰኛለህ። ይስማማሃል?»

ልጁ ደረት ኪሱ ውስጥ እጁን አስገብቶ የቀድሞውን ወረቀት አወጣና ለአክስቴ መለሰላት። እናቱን ግንባራቸው ላይ ሳማቸው። ካርቶኖቹን እንደገና በብብቱ ሰብስቦ እየተንሸራተቱበት ደረጃውን መውረድ ጀመረ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ እንደደረሰ መምህርቷ በሩ ላይ ወጥተው በብረቱ መከለያ ላይ አጎነበሱ።

«ልጄ!»

«አቤት እማዬ!»

«ፕላስተርህን ጠረጴዛዬ ላይ ረስተኸዋል!»